ነዳጅ ሊሆን ያልቻለው አልጌ

ከአልጌ የመኪና ነዳጅ ማውጣት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ከአርባ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው ያዋጣል ወይ የሚለው ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1996 ድረስ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ ዘይት የሚያጠራቅሙ የአልጌ ዝርያዎችን አስጠንቷል። ነዳጅ ሲረክስ ፕሮግራሙ ተዘጋ፤ ነዳጅ ሲወደድ ተስፋው ተመልሶ መጣ። በ2009 የነዳጅ ኩባንያው ኤክሶን ሞቢል ከሳይንቲስቱ ክሬግ ቬንተር ኩባንያ ጋር ሆኖ እስከ 600 ሚሊዮን ዶላር አወጣለሁ ብሎ ተነሳ፤ በ2023 ትቶት ወጣ። ሶላዛይም የተባለው ሌላ ኩባንያም በነዳጅ ጀምሮ ወደ ምግብ ዞረ፣ ስሙንም ቴራቪያ ብሎ ቀየረ፤ በ2017 ከመክሰር ግን አልዳነም።

አልጌው ማደግ አልተሳነውም። ያስቸገረው ውሃው ነው። በክፍት ኩሬ ውስጥ ያለ አልጌ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር 1 ግራም እንኳ አይሞላም። 1 ኪሎ ደረቅ አልጌ የፈለገ ሰው ከ1 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ማጣራት ግድ ይለዋል። ማጣራቱ፣ ማድረቁ፣ ዘይቱን መለየቱ፣ ሁሉም ኃይል ይበላል። ለዘይቱ ተብሎ በቤተ ሙከራ የተመረጠው ዝርያ ደግሞ ሜዳ ላይ ሲወጣ ነፋስ ያመጣው የዱር አልጌ ይወርሰዋል። ይህን ሁሉ ወጪ ተሸክሞ ከጉድጓድ ከሚቀዳ ነዳጅ ጋር በሊትር ዋጋ የተፎካከረ እስካሁን የለም።

አሁን ደግሞ ገበያው ራሱ እየሸሸ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን ስታስታውቅ፣ የተማመነችው ከወንዞቿ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው። መኪናው ሶኬት ላይ ከተሰካ የአልጌ ዘይት ማን ይገዛዋል? የቀረው ተስፋ በባትሪ ሩቅ መብረር የማይችለው አውሮፕላን ነው።

በሊትር ያልተሳካው በኪሎ ግን ተሳክቷል። ከባሕር አልጌ የሚወጡ ማርጊያዎች አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የለንደን ማራቶን ላይ ሯጮች ከባሕር አልጌ በተሠራ ከረጢት መጠጥ ታድሏቸው ነበር። «ከአልጌ የተሠራ» ተብሎ የሚሸጥ ጫማ ሲሆን ግን ድርሻውን መጠየቅ ይሻላል፤ ሶሉ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ከነዳጅ የተገኘ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል።

ይበልጥ የሚገርመኝ የምግቡ ታሪክ ነው። በቻድ ሐይቅ አካባቢ የካነምቡ ሴቶች ከሶዳማ ኩሬዎች ላይ ስፒሩሊና የተባለውን አልጌ ይሰበስቡና አሸዋ ላይ አጥልለው፣ እንደ ቂጣ ጠፍጥፈው በፀሐይ ያደርቁታል። ዲሄ ይሉታል፤ ለወጥ ይገባል። መሐንዲሶቹን ያስቸገሩት ሁለት ነገሮች እዚህ ተፈትተው ይገኛሉ። ስፒሩሊና ረጅም ክር ስለሆነ ያለ ውድ ማሽን ይጠለላል። የሚወደው ውሃ ደግሞ ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ሌላ አልጌ በቀላሉ አይደፍረውም። ሲደርቅ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማው ፕሮቲን ነው።

ይኸው ዝርያ በእኛም ስምጥ ሸለቆ አለ። ከሻላ አጠገብ ባለችው ጪቱ እና በቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅ ይበቅላል፤ የሐይቁ ስምም ከቀለሙ የመጣ ነው። አረንጓዴና ጎረቤቱ ሆራ ኪሎሌ በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመ የታወቀ ጥናት ላይ፣ በውሃ ውስጥ ያለ ሕይወት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ለማምረት ያለው አቅም እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ መለኪያ ሆነው ቀርበዋል።

ሆኖም ጆግ ይዞ ወደ ሐይቁ መውረድ አይገባም። በዚያው ውሃ ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጩ ዘመዶቹ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ለገበያ የሚቀርበው በተለየ ኩሬ የሚለማውና በቤተ ሙከራ የሚመረመረው ነው። ለጿሚ የሥጋ ምትክ ነው እያለ የሚያሻሽጥ ነጋዴ ካጋጠመም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፦ ስፒሩሊና ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ12 በአብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ዓይነት ነው። ፕሮቲኑና ሰማያዊ ቀለሙ ግን ሐሰት የለበትም፤ ቀለሙን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ለከረሜላና ለማስቲካ ፈቅዶታል።

ለእኛ አገር ጥያቄው ከአልጌው ይልቅ ስለ ሐይቆቹ ነው። አብያታ ሐይቅ ለሶዳ አሽ ማምረቻና ለመስኖ ሲባል ውሃው እየተወሰደበት ዳርቻው ሸሽቷል። ኪሎሌ የገጠመው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተብሎ ወደ እሱ ተጠልፎ ገባና ሶዳውን አቀጠነው፣ ስፒሩሊናውም ከሐይቁ ጠፋ።