ምዕራፍ 5፦ ሰብል ሲፈራረቅ አፈር ውስጥ የሚቀረው ካርቦን

ገበሬ አምና ስንዴ ባጨደበት ማሳ ዘንድሮ ባቄላ የሚዘራው ስለ ካርቦን አስቦ አይደለም። አረሙና በሽታው እንዲቀንስ፣ መሬቱ እንዲያገግም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ስንዴ እንዲያምር ብሎ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ውሳኔ በአፈሩ ውስጥ የሚከማቸውን ካርቦንም ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ካርቦኑ ከየት ይመጣል?

ተክል ከአየር የሳበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግንድ፣ ቅጠልና ሥር ይሠራበታል። ማሳው ላይ የቀረው ገለባና ሥር ሲበሰብስ አብዛኛው ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል። ጥቂቱን ግን ረቂቅ ተሕዋስያን ይመገቡታል፤ እነሱ ሲሞቱም ቅሪታቸው ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። የአፈር ጥቁረት ሁልጊዜ የካርቦን ምስክር አይደለም፤ መረሬ ጥቁር ሆኖ ሳለ ካርቦኑ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው።

መጠኑን በግምት እናስላው። የ1 ሄክታር ማሳ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር 2,400 ቶን ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 1 በመቶው ካርቦን ቢሆን 24 ቶን ይሆናል። ይህ ክምችት እንደ ጎተራ እህል ነው፤ የሚሞላውም የሚጎድለውም በሚገባውና በሚወጣው ልክ ነው።

ከ1876 ጀምሮ የቀጠለ ሙከራ

በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ «ሞሮው ፕሎትስ» የሚባሉ ማሳዎች አሉ። ከ1876 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንደኛው በየዓመቱ በቆሎ ብቻ ይዘራል። በሁለተኛው በቆሎና አጃ ይፈራረቁ ነበር፤ ከ1967 ወዲህ የአጃውን ቦታ አኩሪ አተር ወስዷል። በሦስተኛው ከበቆሎና ከአጃ ቀጥሎ የድርቆሽ ተክል ይከተላል፤ መጀመሪያ የኛው ማገጥ ዘመድ የሆነው ክሎቨር፣ በኋላም አልፋልፋ። ዩኒቨርሲቲው በ1969 ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ጥላው በማሳዎቹ ላይ እንዳያርፍ ሕንፃውን ከመሬት በታች ቀብሮታል።

ቦታው ቀድሞ የሣር ሜዳ ስለነበር ማረሻ ከገባበት ወዲህ ሁሉም ማሳዎች ካርቦን አጥተዋል። ማዳበሪያ ካልተጨመረባቸው መካከል አብዝቶ ያጣው በቆሎ በበቆሎ ላይ የተዘራበት ሲሆን፣ የተሻለ የያዘው ድርቆሽ ያለበት ነው። የድርቆሽ ተክል ሥሩ ብዙ ነው፤ ማሳው ላይ እስካለ ድረስ መሬቱ አይታረስም። ከሥር የሚገኝ ካርቦን ደግሞ ከገለባ ከሚገኘው ይልቅ አፈር ውስጥ ይቆያል።

ማፈራረቅ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። አኩሪ አተር ከበቆሎ ያነሰ ተረፈ ምርት ይተዋል፤ እሱም ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሁለቱ የሚፈራረቁበት ማሳ በቆሎ ብቻ ከሚዘራበት ያነሰ ካርቦን የሚይዝበት ጊዜ አለ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የ122 ጥናቶች ማጠቃለያ፣ በአንድ ሰብል ብቻ በሚታረስ ማሳ ላይ ሌላ ሰብል ማፈራረቅ የአፈሩን ካርቦን በአማካይ 3.6 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ፈረቃው ሳይታጨድ ለአፈሩ የሚተው ሽፋን ሰብል ሲኖረው ጭማሪው 7.8 በመቶ ደርሷል።

ወደ እኛ ማሳ

አንድ ያበበ የባቄላ ተክል በጥንቃቄ ነቅለው ሥሩን ይመልከቱ። ትንንሽ እባጮች ያያሉ። አንዱን በጥፍርዎ ቢሰነጥቁትና ውስጡ ቀላ ካለ፣ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን እየመገቡ ነው። ከዚህ የተረፈው ናይትሮጅን ለቀጣዩ ስንዴ ይተርፋል፤ ስንዴውም ሥርና ገለባ ያበዛል። ጥራጥሬ ካርቦን የሚያሳድገው በራሱ ገለባ ብቻ ሳይሆን ተከትሎት በሚበቅለው የብርዕ እህል በኩል ጭምር ነው።

ችግሩ ከአጨዳ በኋላ ይጀምራል። ሽምብራና ምስር ብዙ ጊዜ ከነሥራቸው ተነቅለው ወደ አውድማ ይሄዳሉ። ገለባው የከብት ቀለብ፣ ኩበቱ ማገዶ ይሆናል፤ የቀረውን ልቅ ግጦሽ ይጨርሰዋል። የጤፍ ተራ ሲደርስ ደግሞ ማሳው ተደጋግሞ ይታረሳል፤ አፈሩ በተገላበጠ ቁጥር የተጠራቀመው ቶሎ ይበሰብሳል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ሌላ መኖና ሌላ ማገዶ አጥቶ ነው።

ስለዚህ ማሳ ያለው ሰው ከሚችለው ይጀምር፦ ጥራጥሬውን በማጭድ አጭዶ ሥሩን ለአፈሩ ይተው፤ ከገለባው ጥቂቱን ያስቀር፤ በፈረቃው ውስጥ የመኖ ጥራጥሬ ያስገባ። ለውጡ የሚለካው በዓመታት ነውና፣ በ2 ክረምት የአፈርዎን ካርቦን እጥፍ አደርጋለሁ የሚልዎትን አይመኑ።