ጥፋቱ ሁሉ የዲስኩ አይደለም፦ የስላይዲንግ መጋዝ ተረትና እውነታ

የቁምሳጥን በር ተቆርጦ ጠርዙ ተሸራርፎ ሲገኝ በብዙ የፈርኒቸር ወርክሾፖች ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ "ዲስኩ ዶልዱሟል፣ ሌላ ይገዛ።" ዲስኩ ይገዛል፤ ቺፑዱ ግን መሸራረፉን አይተውም። ቀጥሎ ተወቃሹ ማሽኑ ነው። "ድሮም ርካሽ ነበር" ይባልና ነገሩ ይዘጋል።

ጀርመናዊው ቪልሄልም አልተንዶርፍ በ1906 በርሊን ውስጥ ስላይዲንግ መጋዝን ሲሠራ ሐሳቡ ቀላል ነበር። እንጨቱን በእጅ እየገፉ ወደ ዲስኩ ከማስገባት፣ እንጨቱን የተሸከመው ጠረጴዛ ራሱ በዲስኩ ጎን ይንሸራተት ነው ያለው። ስለዚህ የቆረጣው ጥራት ከዲስኩ ስለት እኩል በጠረጴዛው አካሄድ ላይ ይወሰናል። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው።

ተረት፦ ጠረጴዛው ከዲስኩ ጋር ፍጹም ትይዩ መሆን አለበት።

እውነታው ትንሽ ይለያል። ዲስኩ የሚቆርጠው ከፊት ባሉት ጥርሶች ነው። ጠረጴዛው ፍጹም ትይዩ ከሆነ ከኋላ የሚነሱት ጥርሶች የተቆረጠውን ጠርዝ ዳግመኛ ይልጡታል፤ ያሻክሩታል፣ ላሚኔቱን ይነቅሉታል፣ ደረቅ እንጨት ከሆነም ያሳርሩታል። ስለዚህ ጠረጴዛው ወደ ኋላ ሲሄድ ከዲስኩ በጥቂቱ እንዲርቅ ተደርጎ ይስተካከላል። በዲስኩ ስፋት ልክ ሲለካ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ማሽኑን ከመብራት አላቅቁ፤ ዲያል ጌጅ በጠረጴዛው ላይ አስራችሁ ከፊት ያለ አንድ ጥርስ ላይ ምልክት አድርጉና ለኩ። ከዚያ ዲስኩን በእጅ አዙራችሁ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ውሰዱት፤ ጠረጴዛውንም ገፍታችሁ እንደገና ለኩ። ሌላ ጥርስ ብትለኩ የዲስኩ መወላገድ ከልኩ ጋር ይቀላቀልባችኋል። ዲያል ጌጅ የሌለው ሰው ደግሞ ጠርዙን ያንብብ። ጠንካራ እንጨት ቆርጣችሁ በጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቁራጭ ወደ ብርሃን ብታዘነብሉት የጥርሶቹ ቅስት ጭረቶች ይታያሉ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከጎበጡ ጥሩ ነው። እርስ በርስ ከተቆራረጡ ግን የኋላው ጥርስ እየነካ ነው። በስተቀኝ የሚወድቀው ትርፍ ቁራጭ ላይ የተቆራረጠ ጭረት ቢታይ አትደንግጡ፤ ጠረጴዛው በጣም ሲርቅ ግን እሱም ይበላሻልና ልኩን አታብዙት።

ተረት፦ ትንሹ ዲስክ ጠለቅ ብሎ ከቆረጠ አይሸራርፍም።

ከዋናው ዲስክ ፊት ያለው ትንሹ ዲስክ ሥራው መቁረጥ አይደለም። ከዋናው በተቃራኒ እየዞረ የቺፑዱን የታችኛውን ላሚኔት ቀድሞ ይበጣል፤ ዋናው ዲስክ ከላይ ገብቶ በታች ሲወጣ የሚነቅለው ነገር እንዳያገኝ። ለዚህ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ወሳኙ ወርዱና ቦታው ነው። አንድ ቺፑድ እስከ ግማሽ ድረስ አስገቡ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ ዲስኮቹ ፈጽመው እስኪቆሙ ጠብቁ፣ ገልብጣችሁም እዩ። የትንሹ ዲስክ መስመር በዋናው መስመር ላይ እኩል ማረፍ አለበት። በአንድ ጎን ብቻ ከተሸራረፈ ትንሹ ዲስክ ወደ ሌላው ጎን ሸሽቷል፤ በማስተካከያው ብሎን መልሱት። በሁለቱም ጎን ከተሸራረፈ ጠቧል ማለት ነው። ሰፍቶ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ላይ ትንሽ ደረጃ ይፈጠራል፤ የጠርዝ ልጣፍ ሲለጠፍበት ክፍተቱ ያስታውቃል።

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዋናው ዲስክ ተስሎ ሲመለስ ነው። ጥርስ በተሳለ ቁጥር ወርዱ ይቀንሳል፤ ትንሹ ግን እንደነበረ ነው። ትንሹ ዲስክ ከሁለት ተደርቦ የተሠራ ከሆነ በመሃሉ ያለውን ስስ ቀለበት በመቀነስ ይጠብባል። ጥርሱ ሾጣጣ የሆነው ዓይነት ግን ዝቅ ሲል ይጠብባል፣ ከፍ ሲል ይሰፋል። ጥልቀትን መጨመር ነገሩን የሚያባብሰውም ለዚህ ነው። የላይኛው ፊት ከተሸራረፈ ትንሹን ዲስክ ተዉት፤ እዚያ አይደርስም። ያኔ የዋናውን ዲስክ ከፍታ፣ ስለቱንና የጥርሱን ዓይነት መመርመር ነው።

ተረት፦ ስኳድራ ዲስኩ ላይ ካስደገፉ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይገኛል።

ስኳድራ የሚያሳየው የዲስኩን ፊት ነው። ማዕዘኑን የሚሠራው ግን የጠረጴዛው ጉዞና በላዩ ያለው መደገፊያ ነው። አስተማማኙ መንገድ አምስት ጊዜ መቁረጥ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ኤምዲኤፍ አንዱን ጎን ቁረጡ፤ የተቆረጠውን ጎን ወደ መደገፊያው አዙሩና ሁለተኛውን ቁረጡ፤ እንዲሁ እያዞራችሁ አራቱንም ጨርሱ። በአምስተኛው የመጀመሪያውን ጎን ደግማችሁ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ቀጭን ቁራጭ አውጡና ሁለቱን ጫፎች በካሊፐር ለኩ። ልዩነቱ 0.8 ሚሊሜትር ከሆነ ለአራት ይካፈላል፤ መደገፊያው በየሜትሩ 0.2 ሚሊሜትር ይስታል ማለት ነው። ስህተቱ በየዙሩ እየተደመረ ስለሚሄድ ዓይን የማያየው ነገር እዚህ ጎልቶ ይወጣል። መደገፊያውን ነካ አድርጋችሁ ድገሙት።

አንድ ማሳሰቢያ፤ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። መጀመሪያ የማሽኑ አቀማመጥ በውሃ ልክ፣ ቀጥሎ የጠረጴዛው አካሄድ፣ ከዚያ መደገፊያው፣ መጨረሻ ትንሹ ዲስክ። መደገፊያውን አስተካክሎ ወደ ጠረጴዛው አካሄድ የሚመለስ ሰው የሠራውን አፍርሶ ይጀምራል። "ከፋብሪካ ተስተካክሎ መጥቷል" የሚለውም አያዛልቅም፤ በመርከብና በጭነት መኪና ተንገጫግጮ፣ ባልተስተካከለ ወለል ላይ የተቀመጠ አካል ይጣመማል።

ተረት፦ ጠረጴዛው ከከበደ ሐዲዱ ዘይት ይቀባ።

ዘይትና ሰጋቱራ ሲገናኙ ሊጥ ይሆናሉ። ሐዲዱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ኩሽኔታዎቹን አጽዱ፤ ያን ጊዜም ከከበደ ኩሽኔታው ተበልቷል ወይም በጣም ጠብቋል።

ተረት፦ ዲስኩ ጭነት ሲያገኝ ከቆመ ሞተሩ ደክሟል።

ቺንጋው ላልቶ ሊንሸራተት ይችላል፤ ጥርሶቹ ላይ ሙጫ ተጋግሮ ሊሆንም ይችላል። እኛ አገር መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን መብራቱ ነው። በ380 ቮልት የሚሠራ ባለሦስት ፌዝ ሞተር አንዱ ፌዝ ሲቋረጥበት እያጓራ ይደክማል፤ ቶሎ ካልጠፋም ይቃጠላል። መስመር ተጠግኖ ወይም ጄኔሬተር ተቀይሮ ሁለት ፌዞች ቦታ ከተለዋወጡ ደግሞ ዲስኩ በተቃራኒ ይዞራል። ከጥገና በኋላ እንጨት ከማስገባታችሁ በፊት አብሩና አቅጣጫውን ተመልከቱ።

ተረት፦ ከዲስኩ ኋላ ያለው ቢላ ሥራ ያጓትታል።

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ ዲስኩን ሲጨብጠው የኋላ ጥርሶች አንስተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል፤ የሚከለክለው ያ ቢላ ነው። ከዲስኩ ከ3 እስከ 8 ሚሊሜትር ርቆ መቆም አለበት። ውፍረቱም ከዲስኩ ብረት የሚበልጥ፣ ከጥርሱ ወርድ የሚያንስ ይሁን፤ ጥርሱ 3.2፣ ብረቱ 2.2 ሚሊሜትር ለሆነ ዲስክ 2.8 የሆነ ቢላ ይስማማል። በቀኝ ያለውን መደገፊያም እንጨት ስታቋርጡ ጫፉ ከዲስኩ በፊት እንዲያበቃ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ አለበለዚያ ትርፉ ቁራጭ በመደገፊያውና በዲስኩ መሃል ይታነቃል። ጓንትም አታድርጉ፤ ጥርሱ ጨርቁን ከያዘ እጅን አብሮ ይጎትታል። በወርክሾፓችሁ ጥግ ተፈትቶ የተጣለ ቢላ ካለ ፈልጋችሁ ዛሬውኑ መልሱት።