ራስጌና ግርጌ፦ በድረ ገጽ ላይ የሒሳብ ትንንሽ ምልክቶች የሚቆሙበት ቦታና ርቀት

በሒሳብና በሳይንስ ጽሑፍ ከአንድ ፊደል ወይም ቁጥር በስተቀኝ ከፍ ብሎ የሚጻፈው ትንሽ ምልክት በዚህ ጽሑፍ ራስጌ፣ ዝቅ ብሎ የሚጻፈው ደግሞ ግርጌ ይባላል፤ ራስጌው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር በራሱ ስንት ጊዜ እንደሚባዛ የሚናገር አርቢ ቁጥር ሲሆን፣ ግርጌው በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ ነገሮችን በተራ ይለያል፣ በኬሚስትሪም በአንድ ሞለኪውል ውስጥ የሚገኙትን አተሞች ይቆጥራል። የእነዚህ ምልክቶች ከፍታ፣ መጠንና ከጎረቤታቸው ያላቸው ርቀት ለዓይን ማማሪያ የተጨመረ ጌጥ አይደለም፤ የትርጉሙ አካል ነው፤ ቦታው ሲፋለስ ቁጥሩ ራሱ ይለወጣል።

አንድ ሄክታር 10⁴ ካሬ ሜትር ነው። ይህ አጭር ዓረፍተ ነገር ከአንድ የትምህርት ፋይል ተቀድቶ በቴሌግራም ቻናል ላይ ሲለጠፍ የ4 ከፍታ ብዙ ጊዜ ይጠፋና 104 ካሬ ሜትር ሆኖ ይቀራል፤ በአዊ ዞን በእንጅባራ ዙሪያ ድንች የሚዘራበት ወይም ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ የሚተከልበት የአንድ ሄክታር ማሳ በወረቀት ላይ ወደ አንድ ጠባብ ግቢ ተሸበሸበ ማለት ነው። የአዊ ደጋማ ወረዳዎች አፈር አሲዳማ በመሆኑ ኖራ እንደሚያስፈልገው በአካባቢው አርሶ አደሩም ባለሙያውም የሚያውቀው ጉዳይ ነው፤ የአሲዳማነቱ መለኪያ ፒኤች 5 ነው ሲባል በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን መጠን 10⁻⁵ ሞል ነው ማለት ሲሆን፣ ፒኤች 7 ደግሞ 10⁻⁷ ሞል ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም 100 እጥፍ ነው። ራስጌው ወደ መስመሩ ወርዶ 10-5 እና 10-7 ተብሎ ከተለጠፈ ግን ተማሪው የሚያነበው 5 እና 3 የሚሰጡ ሁለት የመቀነስ ስሌቶችን ነው፤ ስለ አፈሩ የተነገረው ነገር በሙሉ ጠፍቷል።

የእነዚህን ምልክቶች ቦታ በጥንቃቄ መወሰን የጀመረው ድረ ገጽ አይደለም። በእርሳስ ፊደል ዘመን ይህ የሰለጠነ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ እጅ ሥራ ነበር፤ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1977 የመጽሐፉን የአዲስ እትም ማረሚያ ገጾች ተቀብሎ የሒሳቡ አቀማመጥ ከቀድሞው እጅግ ወርዶ ባገኘው ጊዜ ቴክ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። በቴክ የተለመደ አሠራር የዋናው ጽሑፍ ፊደል 10 ፖይንት ከሆነ ራስጌውና ግርጌው 7 ፖይንት፣ የራስጌው ራስጌ ደግሞ 5 ፖይንት ይሆናል፤ ፖይንት የማተሚያ ቤት መለኪያ ሲሆን የአንድ ኢንች 72ኛ እጅ ገደማ ነው። ከእነዚህ ትንንሽ ምልክቶች በኋላ ቀጣዩ ፊደል እንዳይጣበቅ ግማሽ ፖይንት ክፍተት ይታከላል። ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የግርጌው ጠባይ ነው፦ ግርጌው ብቻውን ሲሆን 1.5 ፖይንት ያህል ይወርዳል፤ በላዩ ራስጌ ካለ ግን እስከ 2.5 ፖይንት ገደማ ዝቅ ብሎ ለጎረቤቱ ቦታ ይለቃል፣ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተትም ከተወሰነ መጠን እንዳያንስ በሕግ ተደንግጓል። ለምሳሌ የሰልፌት አዮን ሲጻፍ ከግርጌ የኦክስጅኑ ቁጥር 4፣ ከራስጌ ደግሞ 2 ከመቀነስ ምልክት ጋር ይቀመጣል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከፍና ዝቅ ብለው ካልተለያዩ አንባቢው 42 ብሎ እንዳያነብ የሚከለክለው ነገር የለም።

ድረ ገጽ ሲመጣ ይህ ጥንቃቄ ሁሉ አብሮ አልመጣም። የድረ ገጽ ቋንቋ ለራስጌ አንድ፣ ለግርጌ ሌላ ታግ አለው፤ ታግ ማለት ብሮውዘሩ የታጠረውን ጽሑፍ እንዴት እንደሚያሳይ የሚነግር ምልክት ነው፤ እነዚህ ሁለት ታጎች ግን ጽሑፉን ወደ አምስት ስድስተኛው ገደማ ከማሳነስና ከመስመሩ ከማንሳት ወይም ከማውረድ ያለፈ ነገር አያደርጉም። መጠኑ ከቴክ 7 ለ10 ይበልጣል፤ ከፍ ያለው ቁጥርም ከላይ ያለውን መስመር ገፍቶ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንዱ መስመር ከሌሎቹ እንዲርቅ ያደርጋል። ለዚህ የታወቀው መፍትሔ የትንሹን ምልክት የመስመር ቁመት ዜሮ ማድረግና መጠኑን ወደ 75 በመቶ ማውረድ ነው፤ ይህን ሁለት መስመር ኮድ የጨመረ የድረ ገጽ ሠሪ መስመሮቹ እኩል ሲሰለፉ ወዲያውኑ ያየዋል። የማይፈታው ነገር ራስጌና ግርጌ በአንድ ፊደል ላይ ሲገናኙ ነው፤ ሁለቱ ታጎች አንዱ የሌላውን መኖር ስለማያውቁ ከላይና ከታች ከመደራረብ ይልቅ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፣ ሁለተኛውም ከባለቤቱ ተለይቶ ይቀራል።

በተለመደው የቴሌግራም መልእክት ደግሞ እነዚህ ታጎች እንኳን ስለሌሉ መምህራንና ተማሪዎች ዩኒኮድ ያዘጋጃቸውን ትንንሽ ቁጥሮች ይጠቀማሉ፤ ዩኒኮድ ማለት በዓለም ላይ ላለ እያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ለኮምፒውተር የሚሆን አንድ መለያ ቁጥር የሰጠ የጋራ መዝገብ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ስንጥቅ አለ። ¹፣ ² እና ³ ከጥንቱ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ሰንጠረዥ የተወረሱ ሲሆኑ፣ ከ⁴ ጀምሮ ያሉት ግን በሌላ ክፍል ተመዝግበዋል፤ አንድ ቅርጸ ፊደል የመጀመሪያዎቹን ይዞ የኋለኞቹን ካልያዘ ስልኩ የጎደለውን ከሌላ ቅርጸ ፊደል ይበደራል፣ 10²⁴ም 2 ወፍራምና ዝቅ ያለ፣ 4 ቀጭንና ከፍ ያለ ሆኖ ይታያል። ከዚህም በላይ ዩኒኮድ ለፍለጋና ለማነጻጸሪያ ካዘጋጃቸው የማስተካከያ ሥርዓቶች አንዱ ራስጌ ቁጥሮችን ወደ ተራ ቁጥር ስለሚመልስ፣ በዚያ ሥርዓት ያለፈ 10⁴ ከሌላው ጫፍ 104 ሆኖ ይወጣል። የሄክታሩ ስሕተት እንግዲህ ሁልጊዜ የጸሐፊው ግድየለሽነት አይደለም።

የግእዝ ፊደል ወደ ሒሳቡ ሲገባ ጉዳዩ የባሰ ጥልቀት ያገኛል። በአማርኛ የሚያስተምር ሰው የአንድ ቀጤ ጎነ ሦስት ጎኖችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ሰይሞ ሀ² + ለ² = ሐ² ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። የፊደሎቹን ቅርጽ ቀረብ ብሎ ላየ ግን ሦስቱ አንድ ዓይነት ጎረቤት አይደሉም። ሀ ሁለት ቀጥ ያሉ ክንዶች ስላሉት ራስጌው ከቀኝ ክንዱ አጠገብ በደንብ ይቆማል፤ ለ ግን ከላይ ጠቦ ከታች የሚሰፋ ስለሆነ ራስጌው የሚቆመው ከእግሩ ጫፍ ልክ እንጂ ከራሱ አጠገብ አይደለም፣ በመካከላቸውም ባዶ ሜዳ ይቀራል። ገ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አንድ እግር ኖሮት ክንዱን ከላይ ወደ ቀኝ ስለሚዘረጋ በገ₁ ውስጥ ያለው 1 ከክንዱ ሥር መግባት ሲገባው ከክንዱ ጫፍ ውጭ ብቻውን ይቆማል። በተጨማሪም የላቲን ትንንሽ ፊደላት አጭር በመሆናቸው ለእነርሱ የተለካው የራስጌ ከፍታ፣ ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት በሌለው በረጅሙ የግእዝ ፊደል ላይ ሲውል ምልክቱን ከራሱ በላይ ሳይሆን ከትከሻው ጎን ያስቀምጠዋል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ማይክሮሶፍት ከኦፊስ 2007 ጋር ባወጣው ካምብሪያ ማዝ በተባለው ቅርጸ ፊደል ውስጥ ራስጌው ምን ያህል እንደሚነሣ፣ ግርጌው ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ከኋላቸው ስንት ክፍተት እንደሚቀር፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ ፊደል አራት ማእዘኖች ትንሹ ምልክት ምን ያህል ወደ ውስጥ ሊጠጋ እንደሚችል የሚዘረዝር የሒሳብ ሰንጠረዥ ተካቷል፤ ይህ ሰንጠረዥ ዛሬ የቅርጸ ፊደሎች ዓለም አቀፍ መስፈርት አካል ነው። የለን ራስና የገን ብብት የሚያስተካክለው ይህ የማእዘን ልክ ነው። እንደ ኒያላና አቢሲኒካ ያሉት የግእዝ ቅርጸ ፊደሎች ግን ለንባብ የተሠሩ እንጂ ለሒሳብ የተለኩ አይደሉም። ለአዊኛ ጽሑፍ የሚያስፈልገው የጘ ረድፍ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያለው ቢሆንም፣ የግእዝ ፊደላት በራስጌነት ወይም በግርጌነት የተመዘገቡበት ክፍል ፈጽሞ የለም፤ ስለዚህ ለ ከሥሩ ትንሽ ሀ ይዞ እንዲጻፍ በተራ መልእክት ማድረግ አይቻልም።

ይህ ጉድለት የሚያስቆጨው የግእዝ ጽሕፈት ከመስመር በላይ ለሚጻፍ ትንሽ ምልክት እንግዳ ስላልሆነ ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገርለት የዜማ ምልክት ድጓ በተባለው የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ቃላት ላይ በደቃቅ ፊደልና በጭረት ይጻፋል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት እና ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች እያንዳንዳቸው ከየትኛው ፊደል በላይ እንደቆሙ ካልታወቀ ዜማው አይታወቅም። ብራና ላይ የሚጽፍ ደብተራ በሁለት መስመሮች መካከል ለምልክቱ የሚበቃ ቦታ አስቀድሞ ይተዋል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 አሥር የዜማ ምልክቶችን ቢመዘግብም የቆጠራቸው በመስመር ላይ ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች ስለሆነ፣ ከፊደሉ በላይ የማስቀመጡ ሥራ ለገጽ አቀናባሪው ተትቷል። የድጓው ጸሐፊና የሒሳብ መምህሩ በስክሪን ላይ የሚገጥማቸው ችግር አንድ ነው።

ለድረ ገጽ ሒሳብ ተብሎ የተዘጋጀው ቋንቋ ማዝኤምኤል ይባላል፤ የመጀመሪያው መስፈርት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በዚህ ቋንቋ ራስጌ ብቻ፣ ግርጌ ብቻ፣ ሁለቱም በአንድነት የሚጻፉባቸው ሦስት የተለያዩ ታጎች ስላሉ ብሮውዘሩ ማን የማን ጎረቤት እንደሆነ ያውቃል፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራምም «አሥር በአራት አርቢ» ብሎ ለዓይነ ስውሩ ተማሪ ሊያነብ ይችላል። ፋየርፎክስ ይህን ቋንቋ ከቀድሞ ጀምሮ ሲያሳይ፣ በአብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚገኘው ክሮም እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ እትም ብቻ አሳይቶ ከተወው በኋላ እንደገና የተቀበለው በጥር 2023 በወጣው 109ኛ እትሙ ነው። በመካከሉ የነበሩትን ዓመታት እንደ ማዝጃክስና ካቴክ ያሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ሸፍነዋል፤ አሁን ግን ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ቦታ ስልኩ ሌላ ፕሮግራም እንዲያወርድ ሳይገደድ ሒሳቡን በቀጥታ ማንበብ ይችላል።

በእንጅባራ፣ በዳንግላና በሌሎችም ከተሞች ለተማሪ የሚሆን ሒሳብና ኬሚስትሪ በቴሌግራም የሚያጋሩ መምህራን ረጅሙን ቀመር በማዝኤምኤል በተጻፈ ገጽ አዘጋጅተው ማስፈንጠሪያውን ቢያጋሩ፣ በመልእክቱ ውስጥ መጻፍ ግድ ሲሆንም 10⁴ ካሉ በኋላ አጠገቡ «አሥር ሺህ» ብለው በቃል ቢያስከትሉ ተማሪው ከስሕተት ይድናል። የግእዝ ቅርጸ ፊደል የሚቀርጹ ባለሙያዎችም ከለ ራስ አጠገብና ከገ ክንድ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ለክተው የግእዝ የሒሳብ ሰንጠረዥ ቢያዘጋጁ፣ ሀ² + ለ² = ሐ² በስክሪንም ላይ እንደ መጽሐፍ ተስተካክሎ ይነበባል።