ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ? ከዝርዝሩ የጎደለ ስም አለ

ከሚሴ ውስጥ ዝም ያለ ሰው ማናገር ከፈለጋችሁ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ «ከኃይሌና ከቀነኒሳ ማን ይበልጣል?» በሉት። በቃ፣ ቡናው ሳይፈላ ክርክሩ ይፈላል። በአማርኛ የተጀመረው በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ መሐል ላይ ሁለቱም ይደባለቃሉ። ደስ የሚለኝ ደግሞ እዚህ ክርክር ላይ ጎራ የሚለየው ዕድሜ መሆኑ ነው። ሲድኒን በቀጥታ ስርጭት ያዩት ታላላቆቻችን «ኃይሌን አትንኩብን» ይላሉ። እኛ ያንን ሩጫ በስልካችን ዩቲዩብ ላይ ያገኘነው ደግሞ «ቀነኒሳ ነዋ!» እንላለን።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ግን አንድ አመል አለው፤ ቁጥር ሲነግሩት «በየትኛው ዓመት ዋጋ?» ብሎ ይጠይቃል። የዛሬ 25 ዓመት የነበረው 100 ብርና የዛሬው 100 ብር ስማቸው አንድ ነው፣ የሚገዙት ግን ሌላ። የሩጫ ሰዓትም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጩኸቱን ትተን በሦስት ሚዛን እንመዝናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሚዛን ክብረ ወሰን ነው። በ1994 የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን 26 ደቂቃ ከ52.23 ሰከንድ ነበር። ኃይሌ በ1995 ሰበረው፣ ሞሮኳዊውና ኬንያዊው ወሰዱበት፣ እሱም መልሶ ነጠቃቸው። በ1998 ሄንግሎ ላይ 26፡22.75 ሲገባ በአራት ዓመት ውስጥ ወደ 30 ሰከንድ ገደማ ተቀንሷል። ቀነኒሳ በ2004 እና በ2005 የቀነሰው ግን 5.22 ሰከንድ ብቻ ነው። ታዲያ ኃይሌ በለጠ ማለት ነው? ቆይ። አንድ ማሳ ላይ የመጀመሪያው ኩንታል ማዳበሪያና አስረኛው ኩንታል እኩል ምርት አይጨምሩም። ወደ ጣሪያው በቀረባችሁ ቁጥር እያንዳንዷ ሰከንድ ትወደዳለች። የኃይሌ የ1998 ሰዓት 6 ዓመት ቆየ። የቀነኒሳ 26፡17.53 ግን 15 ዓመት ቆይቶ በ2020 ነው ቼፕቴጌ ቫሌንሲያ ላይ የሰበረው፤ እሱም በአዲሱ የጫማ ቴክኖሎጂና ፍጥነት በሚጠቁም የመም ዳር መብራት እየታገዘ።

ሁለተኛው ሚዛን ተፎካካሪ ነው። ይህን ከቦክስ አፍቃሪዎች እንዋስ። እነሱም በመካከለኛ ክብደት የምንጊዜም ታላቅ ማን ነው እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ይጣላሉ። ቀበቶን በተከታታይ ማስከበር ብቻ ቢቆጠር በርናርድ ሆፕኪንስ 20 ጊዜ፣ ካርሎስ ሞንዞን 14 ጊዜ፣ ማርቪን ሀግለር 12 ጊዜ አስከብረዋል። ሆኖም ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠሩት ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን ነው፤ ብዙዎች ደግሞ ሀግለርን ከሆፕኪንስ ያስቀድማሉ። ምክንያቱም «ስንት ጊዜ አሸነፈ?» ከሚለው ይልቅ «ማንን አሸነፈ?» የሚለው ይከብዳል።

በዚህ ሚዛን ኃይሌ በጣም ከባድ ነው። አትላንታና ሲድኒ ላይ ሁለተኛ ያደረገው ፖል ቴርጋት በዓለም አገር አቋራጭ ከ1995 እስከ 1999 አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ነው። ሲድኒ ላይ የለያቸው 0.09 ሰከንድ ነው፣ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይሆንም። ቀነኒሳ በበኩሉ ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህ ሜትር ያሸነፈው ኤሉድ ኪፕቾጌን ነው፤ ያው በኋላ የማራቶን ንጉሥ የተባለውን። በ2003 ፓሪስ ላይ ደግሞ ራሱን ኃይሌን አሸንፏል፣ የመጨረሻውን 5 ሺህ ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች ሮጦ። ግን ኃይሌ ያኔ 30 ዓመቱ ነበር፣ ቀነኒሳ 21። ስለዚህ «ፊት ለፊት አሸንፎታል» የሚለው ክርክር ብቻውን አያስኬድም። እዚህ ሚዛን ላይ አቻ ብያለሁ።

ሦስተኛው ሚዛን ድልና ስፋት ነው። ኃይሌ በመም ላይ 2 የኦሎምፒክና 4 የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አለው፣ ድምር 6። ቀነኒሳ 3 እና 5 አለው፣ ድምር 8። በዚያ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ በአዋቂዎች በግል 11 ወርቅ፤ ኃይሌ ይህንን ውድድር በአዋቂዎች አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ጎዳና ላይ ግን ኃይሌ የማራቶንን ክብረ ወሰን በርሊን ላይ ሁለቴ ሰብሯል፤ ቀነኒሳ በ2019 እዚያው በርሊን 2፡01፡41 ገብቶ በ2 ሰከንድ አመለጠው። የኔ ፍርድ እንግዲህ ይኸው፦ ጎዳናው የኃይሌ፣ መሙና ጭቃው የቀነኒሳ። አንድ ስም ብቻ ጥራ ካላችሁኝ ቀነኒሳ እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የትኛውም ስሌት ቢያምር ናሙናው ከተዛባ ዋጋ የለውም። እነዚህን ሦስት ሚዛኖች ካወጣን አይቀር ለሁሉም እናውጣቸው። 3 የኦሎምፒክና 5 የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ፣ ድምር 8፣ ያለው ሌላ ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ጥሩነሽ ዲባባ ናት።

ኢኮኖሚስቶች «ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን» የሚሉት አባባል አላቸው። በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙም አይገኝም። እዚህ ግን ተገኘ። ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሁለቱም የበቆጂ ልጆች ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ አልፈዋል። ሁለቱም ቤጂንግ ላይ 5 ሺህንም 10 ሺህንም ጠቅልለዋል። የቀነኒሳ የ10 ሺህ ክብረ ወሰን 15 ዓመት ቆየ፤ የጥሩነሽ የ5 ሺህ ክብረ ወሰን 12 ዓመት። ሁለቱም የተሰበሩት በአንድ ምሽት፣ በአንድ ስታዲየም ነው፤ ቼፕቴጌ ቫሌንሲያ ላይ የቀነኒሳን በሰበረበት ምሽት የጥሩነሽን የሰበረችው የኛዋ ለተሰንበት ግደይ ናት።

ከተማው አንድ፣ አሠልጣኙ አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ ወርቁ እኩል። ታዲያ ክርክሩ ላይ የአንዱ ስም ተነስቶ የሌላዋ ለምን ቀረ? የሚለያያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን።

«አገር አቋራጭስ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ እሷ በአዋቂዎች በግል ያላት ወርቅ 4 ነው፣ የሱ 11። በዚህ ተነስቶ ቀነኒሳ ይበልጣል ማለት ይቻላል፣ እኔም እላለሁ። ግን ተወዳድራ መበለጥና ከነአካቴው አለመጠራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ነገሩ የቡና ወሬ ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩ። ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአጠገባችን የምታልፍ የ12 ዓመት ልጅ ጆሮ አላት። «የምንጊዜም ታላቅ» እያልን የምንጠራቸውን ስሞች ትሰማለች፣ የማንጠራቸውንም ታስተውላለች። መሮጥ ትችል እንደሆነ የምታስበው ከዚያ ተነስታ ነው። የቤት ሰው «ሴት ልጅ ምን ሩጫ አላት» ሲላት የምትመልሰው ስም ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ቀጣዩን ክርክር ስትጀምሩ ጥያቄውን ትንሽ አስፉት፦ «ኃይሌ፣ ቀነኒሳ ወይስ ጥሩነሽ?» በሉ። ከዚያ በፈለጋችሁት ቋንቋ ተጨቃጨቁ።