የጣርማ በር ቁልቁለትና የመኪና ፍሬን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገድ ከጣርማ በር አፋፍ ሲደርስ ተራራውን በስቶ ይገባል። ይህ ዋሻ ጣልያኖች አገራችንን ይዘው በቈዩበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራ ሲሆን፥ ርዝመቱ 600 ሜትር ያህል ነው። ከዋሻው ወዲህ ያለው ደጋ ነው፤ ከዋሻው ወዲያ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፥ ከደብረ ሲናም ወደ ሸዋ ሮቢት ቈላ ይወርዳል። በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው የመንዝ መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ አፋፍ ነው። በጉን፥ ገብሱንና ባናውን ወደ አዲስ አበባ የሚልክ የመንዝ ነጋዴ በደጋው ወደ ደብረ ብርሃን ይታጠፋል፤ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ከሚሴ ገበያ የሚልክ ግን ቁልቁለቱን መውረድ ግዴታው ነው። ጭነቱን ብቻ ሳይሆን የሾፌሩንና የረዳቱን ሕይወት ጭምር በአራትና በስድስት ጎማ ፍሬን ላይ አንጠልጥሎ የሚሰድደው በዚህ ጊዜ ነው።

የጣርማ በር አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1300 ሜትር ያህል ነው። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን 1700 ሜትር የሚሆን ከፍታ ወርዶ እንዲቆም ከተፈለገ፥ ክብደቱ የሚያመጣው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ሒሳቡ ሲሠራ ይህ ሙቀት አራት ሊትር ተኩል ያህል ናፍጣ ሲቃጠል ከሚሰጠው ጋር ይተካከላል። በሌላ አነጋገር፥ 500 ሊትር ማለት ሁለት በርሜል ተኩል የደጋ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ እሳት ነው። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ ይወስዱታል። የቀረውን ግን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል እንጂ ሦስተኛ ተሸካሚ የለም።

ሾፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ የወረደ እንደ ሆነ ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ፍሬኑም የሚፈለገው አልፎ አልፎ ብቻ ይሆናል። በቀላል ማርሽ፥ ይባስ ብሎም ናፍጣ ለመቈጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የወረደ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ እሳት በፍሬኑ ሸራ ላይ ይወርዳል። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኀይሉ ይቀንሳል። የታምቡሩ ብረትም በሙቀት ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ወደ ታች እየጠለቀ፥ እግሩም እየበረታ፥ መኪናው ግን አልቆም ይላል። ሰዎች «ፍሬን እምቢ አለ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ፍሬኑ በድንገት የከዳ ቢመስልም፥ ነገሩ የተጀመረው ሾፌሩ ማርሹን ሳይቀንስ አፋፉን በለቀቀበት ደቂቃ ነው። ከባዱ ማርሽ መግባት ያለበትም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ መቀነስ ያስቸግራል፥ ጨርሶ አልገባ ሊልም ይችላል።

በትናንሽ መኪኖች ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ እርሱም የፍሬን ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል፤ ውሃ ጠጥቶ ካረጀ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ሲደርስ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም ስለሚታመቅ የተረገጠው ፔዳል ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መኪናው ብዙ ቢሄድም ባይሄድም ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ተለውጦ አየሩ በሚገባ መውጣት አለበት። አንዳንዱ ዘይቱ ሲጐድልበት ከመንገድ ዳር ሱቅ የሞተር ዘይት ገዝቶ ይጨምርበታል። ይህ ጐሚኒውን አሳብጦ ፍሬኑን በሞላ ያበላሻል፤ ለአንድ ጠርሙስ ዘይት የተሰሰተው ገንዘብም በእጥፍ ይወጣል።

ደጋው ራሱም ድርሻ አለው። ቤንዚን በሚጠቀሙ ብዙ የቤት መኪኖች ላይ እግርን የሚያግዘው የፍሬን ማገዣ ጉልበቱን የሚያገኘው ከውጭው አየር ግፊት ነው። በጣርማ በር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ስለ ሆነ ማገዣውም በዚያው ልክ ይደክማል። በቈላ ለስላሳ ሆኖ የለመደው ፔዳል በመንዝ አፋፍ ቢጠነክርበት፥ ሾፌሩ ምክንያቱን ቢያውቅ ይበጀዋል። ሞተሩ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ማገዣው ከአንድ ሁለት መርገጥ በኋላ ፈጽሞ ስለሚያልቅ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ በማንኛውም መኪና የተከለከለ ነገር ነው።

ከሙከ ጡሪና ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሻገረው የመርሐቤቴ ነጋዴም ከዚህ አይድንም። የጀማ ሸለቆ መውረጃው ረዥም ነው፤ ከታች ያለው ሙቀትም ፍሬኑ ቶሎ እንዳይበርድ ያደርጋል። ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጣ ፍሬኑ ቢያርፍም ሞተሩ በተራው ይግላል።

ለጋራዥ ሥራ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የዲስክ ፍሬን ሸራ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ይለወጣል፤ በምስማር የተያዘው የታምቡር ሸራ ደግሞ ምስማሩ ከመታየቱ በፊት። ሲፏጭ፥ ብረት ከብረት ሲፋጭ፥ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲጎትት፥ ፔዳሉ ሲጠልቅ፥ የዘይቱ ማስቀመጫ ሲጎድል መካኒኩ ዘንድ መሄድ ነው። በንፋስ ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና በየቀኑ ከንፋስ ጋኑ ውስጥ ውሃው ይውጣለት። መካኒኮችም የታምቡሩን ትቢያ በኮምፕሬሰር ማራገፍ ቢተዉ መልካም ነው፤ የዱሮው ሸራ አስቤስቶስ የተባለ ሳንባን የሚጐዳ ማዕድን ነበረበት፥ በርካሽ የሚሸጠው መለዋወጫም ከዚህ ንጹሕ መሆኑ አይታመንም። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

እዚህ ላይ ስለ ባለንብረቶች አንድ ነገር መነሣት አለበት። ሾፌሩን በምልልስ የሚከፍል ነጋዴ፥ «ሸራው አልቋል» ሲባል «ይህን ምልልስ ይጨርስና ይለወጣል» ይላል። ቀጥሎም በመኪናው ላይ ከተፈቀደው በላይ አሥርና ሃያ ኩንታል ይጨምርበታል። አደጋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የሾፌሩ ነው። የፍጥነቱ ልክ፥ የጭነቱ ክብደትና የጥገናው ቀን በአብዛኛው በባለንብረቱ እጅ ያሉ ነገሮች ሆነው ሳለ፥ ከመሪው ኋላ የተቀመጠውን ሰው ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው የቦሎ ምርመራም መኪናው በዚያ ቀን ደኅና መሆኑን ይመሰክራል እንጂ ለቀሩት ወራት ዋስ አይሆንም፤ ቁልቁለት የሚመላለስ መኪና በሜዳ ከሚውለው ይልቅ ሸራውን ቶሎ ይጨርሳልና።

ከቁልቁለቱ በኋላ ደብረ ሲና ላይ ለሻይ ሲቆሙ፥ ረዳቱ መዳፉን ሳያስነካ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠግቶ ሙቀቱን ቢያመዛዝን ደኅና ምርመራ ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለው ፍሬኑ ሳይለቅ የቀረ ነው፤ ተለይቶ የቀዘቀዘው ሥራውን ያልሠራ ነው። በጋለው ላይ ግን ውሃ አይፈስስም፥ ብረቱ ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬን በጋለ ዲስክ ላይ የተያዘ እንደ ሆነ፥ ሲበርድ ሊላላ ስለሚችል፥ መኪናው በማርሽ ተይዞ ከጎማው ሥር ታኮ ይግባለት። ታኮው ድንጋይ ከሆነም ረዳቱ ከመሳፈሩ በፊት ከአስፋልቱ ላይ ያንሣው፤ በጣርማ በር ጉም ውስጥ ከኋላ ለሚመጣው መኪና ያ ድንጋይ አይታየውምና።