ሙሉ ቁጥር የጠበቀው ማን ነው?

ጀማሪ ፕሮግራመሮችን ኦካምል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሳስተምር አንድ አጭር ፈንክሽን አጽፋቸዋለሁ። የአንድ ኪሎ ዋጋና ክብደት ይቀበላል፣ ሁለቱን በኮከብ ምልክት ያባዛል፣ ሒሳቡን ይመልሳል። ከዚያ ኪሎው በ12.5 ብር የሚሸጥ ዕቃ 3.5 ኪሎው ስንት እንደሚመጣ ይጠይቁታል። ኮምፓይለሩ አያሳልፋቸውም። 12.5 ሥር ያሰምርና፣ ይህ አስርዮሽ ቁጥር ነው፣ እዚህ የሚጠበቀው ግን ሙሉ ቁጥር ነው ይላል።

አብዛኛው ተማሪ የተሰመረበትን ይነካል። 12.5ን 12፣ 3.5ን 3 ያደርጋል። ኤረሩ ይጠፋል፣ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ 36 ብር ይወጣል። ትክክለኛው ሒሳብ 43 ብር ከ75 ሳንቲም ነበር። የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ደህናው ተነካ፣ ጥፋቱ ባለበት ቀረ።

ጥፋቱ ያለው ኮከቡ ላይ ነው። በኦካምል ኮከብ የሚያባዛው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ አስርዮሽ ለማባዛት ከኮከቡ ቀጥሎ ነጥብ ይጨመራል። ታይፕ ቼከሩ፣ ማለትም የትኛው ዓይነት ዳታ የት እንደሚገባ ፕሮግራሙ ከመሥራቱ በፊት የሚመረምረው የኮምፓይለሩ ክፍል፣ ኮከቡን ሲያይ ዋጋውም ክብደቱም ሙሉ ቁጥር መሆን አለባቸው ብሎ ደመደመ። ወደ ታች ሲወርድ 12.5 ገጠመው። መልእክቱ የሚጠቁመው ሁለቱ የተጋጩበትን ቦታ ነው። ትራፊክ ፖሊስም የግጭቱን ቦታ በኖራ ሲያሰምር ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ገና አልተናገረም።

ፕሮግራመሩ ዓይነቱን ሳይጽፍ ኮምፓይለሩ ከአጠቃቀሙ እንዲደርስበት የሚያስችለውን ዘዴ ሮቢን ሚልነር በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ለኤምኤል ቋንቋ አበጅተው እ.ኤ.አ. በ1978 አሳተሙት፤ ኦካምልም የዚያው ቤተሰብ ነው። ትልቅ ውለታ ነው። ዳሩ ግን ድምዳሜው የተደረሰበት መስመርና ግጭቱ የሚታይበት መስመር እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። ተመራማሪው ሚቸል ዋንድ እ.ኤ.አ. በ1986 ታይፕ ቼከሩ የድምዳሜዎቹን ምክንያት እየመዘገበ እንዲሄድ ሐሳብ ያቀረቡት ለዚሁ ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የተሰመረበትን ከመንካታችሁ በፊት «ሙሉ ቁጥር የጠበቀው ማን ነው?» ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ እላቸዋለሁ። ቋንቋው ባያስገድድም፣ በእያንዳንዱ ፈንክሽን ራስ ላይ የሚቀበለውንና የሚመልሰውን ዓይነት አስጽፋቸዋለሁ። ትርፍ ድካም ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ አልስማማም። ዋጋው አስርዮሽ መሆኑ ከተጻፈ መስመሩ ከ12.5 ተነሥቶ ፈንክሽኑ ውስጥ፣ ከኮከቡ አጠገብ ያለው ዋጋ ሥር ይሰመራል። ፍለጋው ከአንድ ሙሉ ፋይል ወደ አንድ መስመር ወረደ ማለት ነው።

ሌላው ጀማሪን የሚያስደነግጠው ቀስት ያለበት መልእክት ነው፦ የሰጠኸኝ ከአስርዮሽ ወደ አስርዮሽ የሚሄድ ቀስት ነው፣ የጠበቅሁት ግን አስርዮሽ ብቻ ነው የሚል። ቀስቱ ፈንክሽን ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ዋጋው ተሰጥቶ ክብደቱ ተረስቷል፤ ሲጨመርለት ቀስቱ ይጠፋል።