ከካርቶኑ ውስጥ የማን ፎቶ በዛ?

የጫማ ካርቶን ነው። ውስጡ ከስፖርት ጋዜጣ መሐል ገጽ የተገነጠለ ፖስተር አለ፣ ከአስፋልት ዳር የተገዛ ፖስት ካርድ አለ፣ ጠርዙ የተላጠ ስቲከር አለ። ፒያሳ ያደገና ኳስ የወደደ ሰው እንዲህ ያለ ካርቶን አልጋ ስር ሳይኖረው አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ስንቱ ካርቶን እንደተጣለ፣ ስንቱ ከዕቃው ጋር እንደተጫነ ባለቤቶቹ ያውቁታል። ካርቶኑ የተረፈለት ሰው ግን ዘርግፎ ይቁጠር። የማን ፎቶ ይበዛል?

መልሱ ቀላል ይመስላል። የአርሴናል ደጋፊ ከሆነ ቴሪ ሄንሪ፣ የማንቸስተር ከሆነ ቤካም ወይም ሩኒ። ጉዱ ያለው ቆጠራው ሲጀመር ነው። "ሮናልዶ" ተብሎ የተከመረው ለሁለት መከፈል አለበት፤ ብራዚላዊው ለብቻው፣ ፖርቹጋላዊው ለብቻው። ሁለት ጊዜ የተገዛ አንድ ዓይነት ፎቶ እንደ ሁለት ይያዛል? የቡድን ፎቶስ ለአስራ አንዱም ይቆጠራል ወይስ ለማንም? ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል አይደለችም፤ እንመለስባታለን።

በውጭው ዓለም ነገሩ ትልቅ ገበያ ነው። የጣሊያኑ ፓኒኒ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ የስቲከር አልበም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ለሜክሲኮው ውድድር ነው። ከ2006 እስከ 2022 የወጡትን አልበሞች የሰበሰበ ሰው ሜሲንና ክርስቲያኖ ሮናልዶን በአምስቱም ያገኛቸዋል። በእነዚያ ዓመታት የኛ ልጅ አንድም የለም። ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ሳታልፍ ማን ስቲከር ያትምላታል?

እንግዲህ በካርቶን ውስጥ መብዛት የፍቅር መለኪያ ብቻ አይደለም። አታሚው ያተመው፣ አዟሪው ያዞረው ነው የሚበዛው። ጥቂት መሆን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ከሲጋራ ጋር ይወጡ ከነበሩት የቤዝቦል ካርዶች የሆነስ ዋግነር ቶሎ ስለተቋረጠ የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነው። አንዱ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ለአንድ ቁራጭ ወረቀት!

አራዳም የራሷ ዋግነር አላት፤ መንግሥቱ ወርቁ። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አራዳ የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል አግብቷል፤ ከሌላ ኢትዮጵያዊ ይህን ያህል ያገባ የለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4ለ2 ስናሸንፍ የመጨረሻዋን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው። ታዲያ ከፈረሰኞቹ ደጋፊ ካርቶን ውስጥ የመንግሥቱ ፎቶ ስንት ይወጣል? ከሄንሪ ጋር ሲወዳደር የሚያሳፍር ቁጥር ነው የሚሆነው።

የዚያ ዘመን ተጫዋች ለብቻው ፖስተር አልታተመለትም። ከተገኘም የሚገኘው ጥቁርና ነጭ የቡድን ፎቶ ላይ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ወይም በርከክ ብሎ። ቆጣሪው "የቡድን ፎቶ አይቆጠርም" ያለ ዕለት መንግሥቱም፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም፣ ተክሌ ኪዳኔም ከዝርዝሩ ጠፉ ማለት ነው። ስለዚህ የቡድን ፎቶ ይቆጠር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ።

ችግሩ ስማቸውን ማን ይንገረን ነው። ብዙው ፎቶ ከጀርባው ባዶ ነው። መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም.፣ ሉቺያኖ በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል። በሰፈሩ ቡና እየጠጡ "ይሄ እገሌ ነው፣ ያ ደግሞ እገሌ" የሚሉ አዛውንቶች የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ሰፈሩ ሲበተን እነሱም አብረው ተበትነዋል። ካርቶን ያለው ሰው አንድ እርሳስ ይዞ ካሉበት ቢሄድ አይጎዳም። "ቫሳሎ" ብቻ የሚል ከተጻፈበት ደግሞ የቱ ቫሳሎ እንደሆነ ይጠይቅ። ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ በዚያ ፍጻሜ ሁለቱም አግብተዋል።